ታጥቦ የተቀመጠ ልብስ

ላሊበላ፣ መስከረም 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለፅናት አድማሴ፣ ጎተንበርግ፣ ስዊድን

እንደምን ከረምሽ? ዘመንን ከዘመን ያሻገረ አምላክ በዚያ በብርዱ አገር አንቺንም ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና አይደለም፤ እሱን ግን ለብቻው ነው የምቆጥረው።

ይህን የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂ። እርሳስ የያዝሁት በሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፣ በጎልማሶች ትምህርት፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ከዋርካው ሥር። እንደ ማጭድ ስጨብጠው መምህሯ ትስቅ ነበር። ይኸው አሥር ዓመት ሆነኝ፤ አሁን የማስነብበው ሰው አልፈልግም። ስልክ ደውዪ እንዳትዪኝም። ስልክ ላይ ሰው ሁሉ “ደህና ነን፣ ደህና ነን” ይልና ካርዱ ያልቃል። ወረቀት ሲሆን ቁጭ ተብሎ ነው የሚጻፍ፤ ቁጭ ብሎ መዋሸት ደግሞ ይከብዳል።

ወረቀቱን የሚያስልክልኝ ከፋለ ነው፣ ከልጄ ከደጀን ጋር አብሮ ያደገው አስጎብኚ። ቱሪስት ስለሌለ የሚያስጎበኘው አጥቶ የእኔን ወረቀት ይዞ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ይፈልጋል። ክረምት ላይ ኢንተርኔቱ ከመዘጋቱ በፊት ሁለት ግጥሜን በስልኩ ልኮልሽ አንቺም ገጽሽ ላይ አወጣሻቸው አሉ። ሳታስፈቅጂኝ! ይሁን። ሰው ምን አለ? ያሞገሰኝን ብቻ መርጠሽ እንዳትጽፊ። ከረሳሻቸው እነሆ፦

የፊት ጥርሴ ሄደ፣ ጎረቤቱም ላላ፣
ቤት ሲፈርስ እንዲህ ነው፣ አንዱ ካንዱ ኋላ።

ሌላው ስለ አባትሽ ነው። ነፍሱን ይማረውና የሚገባውን ነው ያልሁት።

ወንድሜ በቀለም፣ ከላስታ አመለጠ፣
እኔም በእንስራዬ፣ ጀርባዬ ጎበጠ።

አሁን ወደ ደጀን ልምጣ። ልጄ ከወጣ ሁለት ዓመት አለፈው። መስቀል ይቀርጽበት የነበረው መሮ መስኮቱ ላይ ዝጓል። መተማ ደረስሁ ብሎ ደወለ፣ ከሱዳን አንድ ጊዜ ደወለ፣ ከዚያ ዝም። የነፍስ አባቴ ቄስ አረጋ በመጡ ቁጥር “ልብሱን አውጪና ይለቀስ፣ ነፍሱም ፍትሐት ታግኝ” ይሉኛል። አስከሬኑ የሌለ ሰው በልብሱ እንደሚለቀስ ታውቂያለሽ፤ ኮቱ ሜዳ ላይ ይዘረጋና ሰው እሱን እያየ ደረቱን ይመታል። እኔ ደግሞ አጥቤ ሳጥን ውስጥ አስቀምጨዋለሁ። በየወሩ አውጥቼ አጥበዋለሁ። መጥቶ የሚለብሰው ነው እንጂ የሚለቀስበት አይደለም።

ከመውጣቱ በፊት ከአንቺ ጋር ትደዋወሉ ነበር። የሰማሽው ካለ ጻፊልኝ። መቀመጥ አቅቶኛል። ጠዋት አውቶቡስ መናኸሪያ፣ ከሰዓት ወደ አሸተን ገዳም በሚወጣው መንገድ ላይ ነኝ፣ መጪውን ሁሉ ሳይ። ሰው አበደች ይላል።

አክስትሽ፣ የደጀን እናት ዓይናዲስ

*

ጎተንበርግ፣ ኅዳር 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ ለወይዘሮ ዓይናዲስ

ለጤናዎ እንደምን ነዎት? እግዚአብሔር ጉልበትዎን ይመልስልዎትና ለብቻው መቁጠሩ ይቅርልዎት። እኔ ሥራዬ ላይ ነኝ። እዚህ አረጋውያንን እንደምንከባከብ ያውቃሉ፤ አሥራ አንድ አዛውንት አጥባለሁ፣ አበላለሁ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የእጅ ጽሕፈትዎ ከእኔ ይሻላል፤ እኔ ስልክ ላይ መጻፍ ለምጄ ብዕር ያደክመኛል።

አንባቢዎቹ ያሉትን ሳልመርጥ እገለብጥልዎታለሁ። በጥርሱ ግጥም ሥር አንድ የደብረ ማርቆስ መምህር “ይህ ጥርስ አገር ነው፤ ገጣሚዋ በረቀቀ ዘዴ ስለ ኢትዮጵያ ነው የነገሩን” ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ስልሳ ሦስት ሰው የፊት ጥርሱ ማን እንደሆነ፣ የላላው ጎረቤት ማን እንደሆነ ሲሰዳደብ ዋለ። አንድ የጥርስ ሐኪም ደግሞ “እናቴ፣ አዲስ አበባ ከመጡ በነፃ እሠራልዎታለሁ” ብሏል።

በእንስራው ግጥም ሥር “ቤት ይመታል እንጂ ግጥም አይደለም፣ ቅሬታ ነው” ያለ አለ። ስሙን አልጻፈም። አንዲት የሻሸመኔ ሴት ግን እንዲህ አለች፦ “እኔም እንስራ ተሸካሚ ነበርኩ። ለልጄ ሳነብላት ተነሥታ ጀርባዬን ነካችው።”

ከማጥባቸው አንዷን፣ ማርጋሬታ የሚሏትን የዘጠና ዓመት ሴት፣ ስለ ጥርሱ በቋንቋዋ ነገርኳት። ሳቀችና “የእኔ ብርጭቆ ውስጥ ነው፣ በያት” አለችኝ፤ ማታ የምታወልቀውን ሰው ሠራሽ ጥርሷን ማለቷ ነው።

ስለ አባቴ የጻፉት እውነት ነው። እኔም የዚያ ቀለም ልጅ ነኝ።

ስለ ደጀን ሰዎችን ጠይቄያለሁ፣ አሁንም እየጠየቅኩ ነው። እዚህ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን በጸሎት እንዲታሰብ የክርስትና ስሙን ይጻፉልኝ። እባክዎ አይርሱ።

ልጅዎ ፅናት

*

ላሊበላ፣ ጥር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፅናት

እንኳን ለጌታ ልደት አደረሰሽ። በዓሉ አለፈ። እንደ ድሮው ሰው አልጎረፈም፤ የመጣውም እየተጣደፈ ተሳልሞ ሄደ። እኔ ቆሜ የወንዱን ሁሉ እጅ ሳይ ዋልሁ። ለምን እንደሆነ ከግጥሙ ታገኚዋለሽ።

ለሰዎቹ መልስ አለኝ፣ አድርሽልኝ። ለመምህሩ፦ ጥርሴ ያልሁት ጥርሴን ነው። አገር ማለት ብፈልግ አገር የሚለውን ቃል መጻፍ እችላለሁ፣ በሁለተኛው ወር ተምረነዋል። ለስልሳ ሦስቱ፦ የእኔን አፍ ትታችሁ የራሳችሁን ጠብቁ። ለጥርስ ሐኪሙ፦ ትራንስፖርቱንም በነፃ ካደረግኸው እናስብበታለን። “ቅሬታ ነው” ላለው፦ አዎ፣ ቅሬታ ነው። ስልሳ አራት ዓመት የተጠራቀመ ቅሬታ ቤት መምታቱን ያመስግን፣ ሰውም ሊመታ ይችል ነበር። ለማርጋሬታሽ፦ ከእኔ ተሻልሽ፣ የጠፋብሽ ነገር የት እንዳለ ታውቂያለሽ በያት።

ለሻሸመኔዋ ሴት የምመልሰውን ሁለት ቀን አሰብሁ። ልጅሽን ሳሚልኝ በያት።

አንቺ ግን የሰው ሁሉ ጽፈሽ የራስሽን አልጻፍሽም። ስለ ደጀን “እየጠየቅኩ ነው” ብለሽ በሁለት መስመር አለፍሽው። ማንን ጠየቅሽ? ምን አሉሽ?

የክርስትና ስሙ ወልደ ሐና ነው። ይህን የምናውቅ እኔና ቄስ አረጋ ብቻ ነን፤ የክርስትና አባቱ አርፏል። ለማንም እንዳትሰጪ። የክርስትና ስም ክፉ ሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሠራበት አሳድጌሽ አታጪውም። ለጸሎት ብቻ ይሁን።

ይህን ግጥም አውጪልኝ። ሰው እንዲያደንቀው አይደለም፤ ፍለጋ ነው። አረብ አገርም፣ ሊቢያም፣ አንቺ ያለሽበትም ያለ ሰው ያንብበው።

ልብሱን አውጪ አሉኝ፣ ከለቅሶው ላይ ይዋል፣
አጥቤ አስቀመጥሁት፣ መጥቶ ይለብሰዋል።
ጣቱ ይለየዋል፣ መሮ የነከሰው፣
ወዴት እንደዋለ፣ ይንገረኝ ያየ ሰው።

ቀኝ አውራ ጣቱ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቱ ላይ ለአንድ ፈረንጅ መስቀል ሲቀርጽ መሮው ሸርተት ብሎ ጥፍሩን ለሁለት ከፈለው። ከዚያ ወዲህ ጥፍሩ እንደ ሰኮና ተሰንጥቆ ነው የሚያድግ። ያየው ሰው አይረሳውም።

የደጀን እናት ዓይናዲስ

*

ጎተንበርግ፣ መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ

እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሰዎት። ጾሙን ጨርሰው በደስታ ትንሣኤን ለማየት ያብቃዎት። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዛብኝ፣ ጉንፋንም ይዞኝ ነበር።

የላኩልኝን ስም ለካህኑ ሰጥቻለሁ። በስሙ ተጸልዮአል።

መልሶችዎን ለሰዎቹ አደረስኩ። መምህሩ “ገጣሚዋ ጥርሴ ነው ማለታቸው ራሱ ቅኔ ነው” ብሎ እንደገና ጀመረው። ቅሬታ ነው ያለው ሰው ግን “ይቅርታ እናቴ፣ ተመታሁ” ብሏል። የሻሸመኔዋ ሴት የልጇን ፎቶ ላከች። ቀጭን፣ ፀጉሯን ሁለት ቦታ የተጎነጎነች ልጅ ነች። እርስዎን “አያቴ” አለችዎት።

አዲሱን ግጥም አነበብኩት። ገና አላወጣሁትም። ጥሩ ጊዜ ልጠብቅለት ብዬ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አጎቴ ቢተው ከሙጃ መጥተው ነበር? መንገዱ ሲከፈት እንዲጠይቁዎት አደራ ብያቸው ነበር። ጎረቤትስ ይገባል ይወጣል? ብቻዎን ነው የሚያድሩት? ምግብ በሥርዓቱ ይብሉ። ካልሲና ሹራብ በሰው ልኬያለሁ።

ልጅዎ ፅናት

*

ላሊበላ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፅናት

ሰላምታው በልብሽ ይሁን፣ ዛሬ ተናድጃለሁ።

ካልሲው ደረሰ፣ ይሞቃል። እኔ ግን ካልሲ አልጠየቅሁሽም። ግጥም ስሰጥሽ ካልሲ፣ ልጄን ስጠይቅሽ ጎረቤት! ብቻዬን ባድር ባላድር ከስዊድን ሆነሽ ምን ታደርጊልኛለሽ? “ጥሩ ጊዜ” የምትዪውስ ምንድን ነው? ጥርሴን ያለ ጊዜው አውጥተሽው የለም እንዴ?

ቢተው መጥቶ ነበር። ያክስቴ ልጅ ነው ብዬ ነው እንጂ እንዴት ያለ ጅል ሰው ሆኗል መሰለሽ። ግማሽ ኩንታል ድንች በአህያ ጭኖ ከች አለ። በላ፣ ጠጣ፣ ስለ ከብት በሽታ አወራ። ጠዋት ጎህ ሲቀድ ስነሣ ጋቢውን ተከናንቦ በሬ ላይ ተገትሯል።

“ምን ያቆምሃል?” አልሁት።

“የለም፣ ዓይናዲስ... ገብስሽ እንዴት ነው ልልሽ ነው።”

“እኔ ገብስ የለኝም።”

“እህ፣ ለዚያ ነው እኮ የጠየቅሁሽ።”

አፉን ሦስት ጊዜ ከፈተው፣ ሦስት ጊዜ ዘጋው። በኋላ የደጀንን ልብስ አጥቤ ሳሰጣ ከድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ቆየና ተነሥቶ የኮቱን እጅጌ ያዘው። ዓይኑ ቀልቷል።

“ምን ሆንህ?” ስለው፣ “ነፋሱ ነው” አለኝ።

ነፋስ አልነበረም። ልብሱ ራሱ አይወዛወዝም። አህያውን ነድቶ ሄደ። አባቴ የተወልኝን ቁራሽ መሬት ሊጠይቅ መጥቶ አፍሮ ተመለሰ ብዬ ሳምንት ሙሉ ስሰድበው ከረምሁ። አሁን ደግሞ አንቺ አደራ ብለሽ እንደላክሽው ነገርሽኝ። ድንች ይዞ መጥቶ እንዲያየኝ ብቻ ነው አደራው?

ነአኩቶ ለአብ ሄጄ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጠበል ስጠጣ እንኳ ልቤ አላረፈም። ግጥሙን አውጪው። ካላወጣሽው ከእንግዲህ አንድ መስመር አልልክልሽም።

የደጀን እናት ዓይናዲስ

*

ጎተንበርግ፣ ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ

እግዚአብሔር ቁጣዎን ያብርድልዎት፣ ልብዎንም ያሳርፍልዎት። ተቆጥተው በጻፉት ደብዳቤ ላይ እንኳ የእጅ ጽሕፈትዎ አልተበላሸም።

ግጥሙን አወጣሁት። ብዙ ሰው አንብቦታል። እነሆ የጻፉት፦

ከአዳማ አንድ ወጣት፦ “ይህን አንብቤ ወዲያው ለእናቴ ደወልኩላት። ከስድስት ወር በኋላ መደወሌ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልን።”

ከድሬዳዋ አንዲት ሴት፦ “የእናት ልብ እንዲህ ነው። ጽናቱን ይስጥዎት።”

ከጎንደር አንዲት እናት፦ “እህቴ፣ የእናት እንባ በከንቱ አይፈስም። ልጅዎ ወልደ ሐና የትም ይሁን የት በአምላክ እጅ ነው። እርስዎም ልብዎን ያሳርፉ፣ ሰውነትዎን አይጉዱ።”

ጣቱን አየሁ ያለ ሰው የለም።

ማርጋሬታ ባለፈው ሳምንት አረፈች። ጥርሷን ከብርጭቆው አውጥቼ ያደረግኩላት እኔ ነኝ። ስለ እርስዎ እስከ መጨረሻ ትጠይቀኝ ነበር።

ሹራቡን ይልበሱት። ክረምቱ እየገባ ነው።

ልጅዎ ፅናት

*

ላሊበላ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፅናት

ደብዳቤሽን ያነበብሁት እንደማነበው ሁሉ ነው፣ በጣቴ እየተከተልሁ፣ ቃል በቃል። ቀለም ቶሎ የገባው ሰው ሮጦ ያልፋል። ዘግይቶ የተማረ አያልፍም።

መጀመሪያ ሰዎቹ የእውነት ሰዎች አልመሰሉኝም። ስለ ጥርሴ ስልሳ ሦስት ሰው ተሰዳድቦ፣ ስለ ልጄ የጻፈው ሦስት ሰው ብቻ? እሱም ሁሉም ጨዋ? አንድ የሚያፌዝ፣ አንድ አገር ነው የሚል፣ አንድ ቤት አይመታም የሚል ይጥፋ? እንዲህ ያለ ሰላማዊ ሕዝብ እዚያ ገጽሽ ላይ የለም፣ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።

ቀጥሎ የጎንደሯ እናት። ግጥሙ ውስጥ ወልደ ሐና የሚል የለም። ደጀን የሚልም የለም። ስሙን የምናውቅ ሁለት ነበርን፣ አንቺ ሦስተኛ ሆንሽ፤ ለሰው እንደማትሰጪም አውቃለሁ። ስለዚህ የጎንደሯ እናት የለችም። አንቺ ነሽ። ግጥሙንም አላወጣሽውም።

ይህን ሳውቅ ተናድጄ ወረቀቱን ልቀደው ነበር። እጄን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ደጀንን ደጀን እያልሽ ነው ያደግሽው። አንድ ገበታ በልታችኋል፣ አንድ ጋቢ ውስጥ ተኝታችኋል። ከራስሽ አውጥተሽ የሰው ቃል ስትጽፊ እጅሽ ላይ መምጣት የነበረበት ደጀን ነበር። ወልደ ሐና መጣልሽ። ይህ ስም ለአፍሽ እንዲህ የቀለለሽ ከየት ነው? ለደህንነት የሚጸልይ ቄስ አንድ ጊዜ ጠርቶት ያልፋል። ቆሞ ደጋግሞ ወልደ ሐና፣ ወልደ ሐና የሚል ፍትሐት የሚያደርስ ቄስ ነው። አንቺም ቆመሽ ሰምተሻል፤ አንድ ጊዜ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የቢተው ገብስም፣ ያልነበረው ነፋስም፣ ብቻዬን ማደሬን መጠየቅሽም ተራ በተራ ገቡኝ።

አልጮህሁም። ከፋለ በሩ ላይ “እማማ፣ ምን አለች ፅናት?” ሲለኝ “ጉንፋን ይዟት ነበር” አልሁት። ይኸው እኔም በወረቀት ባይሆን በአፌ ዋሸሁ።

ቀኑን ብቻ ጻፊልኝ። የሞተበትን ቀን ሳላውቅ ተዝካሩን መቼ ብዬ አወጣለሁ?

ዓይናዲስ

*

ጎተንበርግ፣ ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

አክስቴ

ሚያዝያ 11 ቀን 2015 ነው።

ከሊቢያ በተነሣች ጀልባ ላይ ነበር። ተርፎ ጣሊያን የገባ ሸጋው የሚባል የሙጃ ልጅ ስልኬን አፈላልጎ ደወለልኝ። “ደጀን ብቻ ነው የምለው፣ የአባቱን ስም አላውቅም። አውራ ጣቱ እንደ ሰኮና የተሰነጠቀ፣ በመንገድ ሁሉ በእንጨት ቁራጭ መስቀል የሚቀርጽ” አለኝ። ያን ሲለኝ ሌላ አልጠየቅኩትም። ባሕሩ አልመለሰውም።

መርዶ በስልክ፣ መርዶ በወረቀት አይነገርም ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። አባቴ ያረፈ ጊዜ እኔ ደሴ ተማሪ ነበርኩ። ጎህ ሲቀድ ከአራት ሽማግሌ ጋር በሬን መትተው፣ አስቀምጠው፣ እጄን ይዘው ነው የነገሩኝ። እንዴት በፖስታ ልላክልዎት? ለአጎቴ ቢተው አደራ አልኩ። መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሲመጡም “ልብሱን ስታጥብ አየኋትና አፌ ታሰረ” አሉኝ። የክርስትና ስሙን የጠየቅኩት ለፍትሐት ነበር። እስኪመጣልኝ አሥር ወር ያህል ያለ ፍትሐት ቆየ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ባለ ቁጥር እየሄድኩ አስደርሻለሁ።

ግጥሙን ማውጣት አልቻልኩም። “ያየ ሰው ይንገረኝ” የሚለውን መስመር ስጽፍ እጄ ይቆማል፤ ያየውን ሰው አውቀዋለሁና።

የቀረ አንድ ነገር አለ። ከሊቢያ ደውሎልኝ ነበር። “ልምጣ ወይስ ልመለስ?” አለኝ። “ና” አልኩት።

ፅናት

*

ላሊበላ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለፅናት

ዘመኑ ተለወጠ። ያሻገረን ይመስገን ማለት ይገባል፤ ብያለሁ።

“ና” ማለትሽን በተመለከተ ዛሬ አልምርሽም። አልቆጣሽምም። እስከ ጥምቀት ታገሺኝ፣ ከልቤ ጋር እየተሟገትሁበት ነው።

ለቢተው በሰው ላክሁበት፤ ከሙጃ መምጣቱን ስሰማ እሱንም፣ ቄስ አረጋንም፣ ከፋለንም ነገ በማለዳ ኑ አልኋቸው። ያመመኝ መሰላቸው። ጎህ ሲቀድ መጡ። አንጥፌ አስቀመጥኋቸው። መርዶ የሚነግር ሰው እንዴት እንደሚያደርግ አውቃለሁና ውሃ ሰጠኋቸው፣ እስኪጠጡ ጠበቅሁ፣ ከዚያ “ደጀን ዐርፏል፣ ልባችሁን ጠበቅ አድርጉ” አልኋቸው።

ቢተው ተነሥቶ ቆመ። “ዓይናዲስ! ማን ነገረሽ?”

“ማንም። አንተማ ገብስ ስትጠይቀኝ ከረምህ።”

ሰውየው እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ ነበርሁ የምይዘው። ቄስ አረጋ “እናት መርዶ ነጋሪ ስትሆን በዕድሜዬ አላየሁም” አሉ። እኔም አላየሁም።

ልብሱን አወጣሁ። ኮቱ፣ ሰማያዊ ሸሚዙ፣ ነጠላው። ሜዳው ላይ ተዘረጋ፣ ሰው ተሰበሰበ። ጎረቤቴ ፍቅርአዲስ ሸሚዙን አንሥታ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። እኛ አገር የሟች ጠረን ያለበትን ልብስ አሽትቶ ማልቀስ እንዳለ ታውቂያለሽ። ከዚያ ቀስ ብላ “ሳሙና ነው የሚሸት፣ ዓይናዲስ” አለችኝ።

እኔም አሸተትሁት። ሳሙና ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ አጥቤ አጥቤ ልጄን ከልብሱ ውስጥ በገዛ እጄ አስወጣሁት። ያልጮህሁት ሁሉ ያን ጊዜ መጣ። መሮውን ከመስኮቱ አንሥቼ እጀታውን ያዝሁ፤ እሱን አላጠብሁትም ነበር። የእጁ ወዝ እንዳለበት ነው። አሁን ከራስጌዬ ነው።

ያንን የፍለጋ ግጥም ተይው። ይህን አውጪው፦

ልጄን ብጠብቀው፣ ስሙ ብቻ መጣ፣
ያጠብሁትን ልብሱን፣ ስሙ ለብሶ ወጣ።

ከሥሩ ወልደ ሐና ብለሽ ጻፊ። ከእንግዲህ ስሙን ይዞ ማን ምን ያደርገዋል? ይወቁት፣ በየደብሩ ይጥሩት።

ከዚያ የሰዎቹን መልስ ገልብጠሽ ላኪልኝ። የተሰዳደቡትን፣ ያፌዙትን፣ አገር ነው ያሉትን ሁሉ ላኪው። ቅሬታ ነው ያለውን ሰው ጠብቂልኝ፣ ምን እንደሚል ማወቅ እፈልጋለሁ። ማንም ምንም ካላለም፣ ማንም ምንም አላለም ብለሽ ጻፊ። እሱንም ማንበብ እችላለሁ።

አክስትሽ፣ የወልደ ሐና እናት ዓይናዲስ